ተገልብጦ ያልተነበበ አልተዛወረም

[የመግቢያ ዜማ፦ ዋሽንት፤ ከፍ ብሎ ይሰማና በዝግታ ዝቅ ይላል]

አቅራቢ፦ በራቤልና በአካባቢዋ፣ በግሼና በመንዝ ደጋ፣ እንዲሁም በመርሐ ቤቴ፣ በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ ሆናችሁ ይህን ሳምንታዊ የትምህርት ዝግጅት የምትከታተሉ ሁሉ፣ የዛሬው ጉዳያችን ለተማሪውም ለመምህሩም፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛውም ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤትም ውሎ አድሮ የማይቀር ሲሆን፣ እርሱም አሮጌውን ኮምፒውተር ትተን አዲስ በምንይዝበት ጊዜ፣ በውስጡ ያከማቸነውን ጽሑፍና ፎቶግራፍ፣ የለመድነውንም የአሠራር ሥርዓት፣ ሳይጎድልና ሳይበላሽ እንደምን አድርገን እናዛውረዋለን የሚለው ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኮምፒውተራችሁ ዛሬ ማታ ጠፍቶ አልነሣም ቢል፣ ነገ ጧት እጅግ የምትፈልጉት ጽሑፍ የትኛው ነው? እርሱስ ከዚያ ከአንዱ ኮምፒውተር በቀር ሌላ ቦታ አለን?

[ዝምታ፤ ሦስት ሰከንድ]

አቅራቢ፦ መልሱን በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ያወጣውና በአገራችን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ተሰራጭቶ የሚገኘው ዊንዶውስ 10፣ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ መደበኛውን ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱ አብቅቷል። ይህ ማለት ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን ሥራውን አቆመ ማለት አይደለም፤ ዛሬም ይነሣል፣ ዛሬም ይጽፋል፤ ነገር ግን ሌቦችና ቫይረስ ሠሪዎች የሚያገኙት አዲስ ቀዳዳ ሁሉ ሳይደፈን የሚቀር በመሆኑ፣ ከዓመት ወደ ዓመት አደጋው እየበዛበት ይሄዳል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም የተባለው የደኅንነት ክፍል የሚፈለገው ዓይነት ካልሆነ፣ ሥራቸውን በደኅና የሚሠሩትን አሮጌ መሣሪያዎች ሳይቀር በደንቡ ስለማይቀበል፣ ብዙ ሰው ወደ አዲስ ኮምፒውተር መሻገር ግድ ሆኖበታል።

እንግዲህ የሚዛወረው ነገር ምንድን ነው? ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ፋይሉ ነው፤ ማለት ደብዳቤው፣ የፈተናው ጥያቄ፣ የቃለ ጉባኤው መዝገብ፣ የሠርጉ ፎቶግራፍ። ሁለተኛው ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው ሴቲንግ የምንለው፣ ኮምፒውተሩ የእኛን ልማድ ተከትሎ የተስተካከለበት ሥርዓት ነው።

እያንዳንዱም የየራሱ ሕግ አለው። ፋይል ይገለበጣል፤ ፕሮግራም እንደገና ይጫናል፤ ሴቲንግ እንደገና ይስተካከላል። ወረቀትና እርሳስ የያዛችሁ ጻፉት፤ እኔም ልድገመው፦ ፋይል ይገለበጣል፤ ፕሮግራም ይጫናል፤ ሴቲንግ ይስተካከላል።

[አጭር ዜማ]

አቅራቢ፦ በመጀመሪያው እንጀምር። ፋይሎቻችሁ የት የት ነው ያሉት?

ይህ ጥያቄ የቀረበለት ሰው ብዙውን ጊዜ «ይኸው፣ ፊት ለፊት አይደሉም እንዴ!» ብሎ ዴስክቶፑን ያሳያል። ዴስክቶፕ ዘወትር ከዓይናችን ፊት በመሆኑ ራሱን የቻለ ቦታ ይመስለናል እንጂ፣ በእውነቱ ሲ በሚባለው የዲስክ ክፍል ውስጥ፣ በተጠቃሚው ስም በተከፈተው ፎልደር ሥር የሚገኝ አንድ ፎልደር ነው። ባለሙያ ኮምፒውተሩን ፎርማት በሚያደርግበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠርገው ይህንኑ ሲን ስለሆነ፣ ዲ በሚባለው ሌላ የዲስክ ክፍል ላይ ያስቀመጠ ሰው ንብረቱ ሲተርፍለት፣ ዴስክቶፕ ላይ የደረደረው ግን የዓመታት ሥራውን በአንድ ቀን ያጣል። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁን ለባለሙያ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንትስ የተባለውን፣ ፒክቸርስ የተባለውንና ዳውንሎድስ የተባለውን አራቱንም ፎልደር ስም እየጠራችሁ ተመልከቱ።

ዳውንሎድስን ለምን ጨመርነው? በዘመናችን ደብዳቤውም ሰርኩላሩም የትምህርት ዕቅዱም የሚላላከው በቴሌግራም ነውና፣ በኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም የተቀበልነው ፋይል የሚወርደው፣ እኛ ካልለወጥነው በቀር፣ በዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ተብሎ በተሰየመ ፎልደር ነው። ብዙ ሰው ይህን ፎልደር ከነመኖሩም አያውቀውም።

አሁን ፋይሎቻችሁን በአንድ ፎልደር ሰብስባችሁ በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ልትወስዱ ነው እንበል። በዚህ ጊዜ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ኮፒ አድርጉ እንጂ ከት አታድርጉ። ከት የተደረገ ፋይል ወደ አዲሱ ቦታ እንደ ደረሰ ከአሮጌው ይነሣልና፣ በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ወይም ፍላሹ ቢነቀል፣ ግማሹ በዚያ ግማሹ በዚህ ሆኖ የቱ እንደ ተሻገረ የቱ እንደ ቀረ መለየት ያስቸግራል። መብራት እንዴት እንደሚመላለስ ለራቤል ሰው እኔ አልነግረውም፤ ኮፒ የተደረገ ግን መብራት ቢጠፋም ዋናው በቦታው ስላለ፣ መብራት ሲመለስ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ትልቁን ፋይል አልቀበልም ቢላችሁ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ፍላሾች ፋት 32 በሚባል አሮጌ ሥርዓት የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖራቸውም እንኳ፣ 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ነጠላ ፋይል፣ ለምሳሌ ረጅም የሠርግ ቪዲዮ፣ ሊይዙ አይችሉም። መድኃኒቱም ባዶውን ፍላሽ ኤክስፋት በሚባለው ሥርዓት እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው። ፍላሹ ግን ባዶ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ብዙ ቦታ የዞረ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ከነዚህም ቫይረሶች አንዱ፣ በፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ሰውሮ በስማቸው የሐሰት ምልክት የሚተክለው ነው። ባለ ፍላሹም ከፍቶ ሲያይ የቀስት ምልክት ያለባቸው ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ስለሚታዩት «ንብረቴ ጠፋ» ይልና ፍላሹን ፎርማት አድርጎ፣ ቫይረሱ ያላጠፋውን ራሱ በገዛ እጁ ያጠፋዋል። በአብዛኛው ግን ፋይሎቹ እዚያው ተሰውረው ያሉ ናቸውና፣ እነዚያን የሐሰት ምልክቶች ሳትጫኑ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

አራተኛ፣ የኮምፒውተራችሁን ቀን ተመልከቱ። አሮጌ ኮምፒውተር በሆዱ ያለችው ትንሿ ክብ ባትሪ ስትደክም፣ በጠፋና በተነሣ ቁጥር ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሳል። ታዲያ ምን ያመጣል? ትናንት ያረማችሁት ደብዳቤ የዛሬ አሥር ዓመት የተጻፈ መስሎ ይመዘገባል። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ፋይሎች ተገናኝተው «የትኛውን ላስቀምጥ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ቀኑን አምናችሁ «የቅርቡ ይቀመጥ» ብትሉ፣ የታረመው ተሽሮ ያልታረመው ይነግሣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ሁለቱንም አስቀምጣችሁ፣ ከፍታችሁ አንብባችሁ ወስኑ።

[አጭር ዜማ]

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ እስካሁን የተናገርነው በማናቸውም አገር ላለ ሰው የሚሆን ነው። አሁን ግን በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ለእኛ በተለይ ወደሚያስፈልገው ደርሰናልና፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከ15 ዓመት በፊት የተጻፈ የቃለ ጉባኤ መዝገብ አለ እንበል። ጸሐፊዋ በፍላሽ ይዛ ወደ አዲሱ ላፕቶፕ ታዛውረዋለች፤ የፋይሉ ስም ደኅና ነው፣ መጠኑም ልክ ነው። ከፍታ ስታየው ግን፣ የጉባኤው አባላት ስም ሊዘረዘር በሚገባው ቦታ ላይ፣ በራሳቸው ላይ ነጥብና ጭረት የደፉ የላቲን ፊደላት፣ ቅንፎችና የገንዘብ ምልክቶች ከገጽ እስከ ገጽ ተደባልቀው ታገኛለች። ምን ሆነ? «ቫይረስ በላው» ይላል አንዱ፤ «ፍላሹ አበላሸው» ይላል ሌላው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

[ዝምታ፤ ሁለት ሰከንድ]

አቅራቢ፦ እውነቱ ይህ ነው፦ ከዚያ መዝገብ አንዲት ፊደል እንኳ አልጠፋችም። የጠፋው የሚያነበው ፎንት ነው።

ምሥጢሩን ላስረዳ። የቀድሞው የኮምፒውተር ሥርዓት ለላቲን ፊደል የተሠራ በመሆኑ፣ በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው የፊደል መቀመጫ ከ256 የማይበልጥ ነበር። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በ7 ሲዘረዘሩ ብቻቸውን 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋንና ጓን የመሳሰሉትን ዲቃሎች፣ አኃዞቹንና ነጥቦቹን ስንጨምርባቸው ከመቀመጫው ተርፈው ይፈስሳሉ። እነ ፓወር ግዕዝንና እነ ቪዥዋል ግዕዝን ያዘጋጁት ባለሙያዎች፣ ይህን ችግር በብልሃት ለማለፍ ፊደላችንን ከአንድ በላይ ለሆኑ ፎንቶች ከፋፍለው በላቲኑ መቀመጫ ላይ አሰፈሩት። አማርኛ በኮምፒውተር ተጽፎ በወረቀት እንዲታተም ያበቁን ባለውለታዎች በመሆናቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ኮምፒውተሩ ግን በውስጡ የመዘገበው የላቲኑን ፊደል ነው፤ በመስኮቱ ላይ የግዕዙን መልክ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። እንግዲህ ፋይሉ ሄዶ ፎንቱ ከቀረ፣ ያ ተሸፍኖ የኖረው የላቲን ፊደል እንዳለ ብቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል በተቀበለ ጊዜ፣ ሀ የራሷ፣ ሁም የራሷ የሆነ ቋሚ ቁጥር አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ዛሬ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ በራቤልም ቢከፈት በዋሽንግተን፣ በላፕቶፕም ቢከፈት በስልክ፣ ያው አማርኛ ሆኖ ይነበባል። ነገር ግን ይህ አዲስ ሥርዓት በመምጣቱ ምክንያት አሮጌው ጽሑፍ በራሱ አልተለወጠም፤ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየደብሩም ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ብዙ ሰነድ ዛሬም ተቀምጧል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናድርግ።

በመጀመሪያ፣ አሮጌው ኮምፒውተር በሕይወት ሳለ ሰነዱን ክፈቱና ጠቋሚውን በጽሑፉ መካከል አስቀምጡ፤ ከላይ በፎንት ሣጥኑ ውስጥ የሚታየውን ስም ጻፉ፤ ርእሱ በአንድ ፎንት፣ ቁጥሩ በሌላ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል በልዩ ልዩ ቦታ እያስቀመጣችሁ ተመልከቱ። ከዚያም እነዚያን ፎንቶች በዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ ከተባለው ፎልደር ገልብጣችሁ ከሰነዱ ጋር ውሰዱና በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ጫኗቸው።

ቀጥሎም፣ አስፈላጊ የሆኑትን ሰነዶች እዚያው በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሳላችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጧቸው። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ሊጓዝ ስለሚችል፣ መልኩ ሳይለወጥ በሌላ ኮምፒውተር ይነበባል፤ ቢሆንም እንደ ልብ ሊታረም ስለማይመች ዋናውን አታስቀሩ።

በመጨረሻም፣ ጊዜ ስታገኙ አሮጌውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጡ ፕሮግራሞች እየለወጣችሁ አስቀምጡ። ከለወጣችሁ በኋላም አንብቡት፤ ለዋጩ ፕሮግራም በዲቃሎቹና በአኃዞቹ ላይ ሊሳሳት ይችላልና፣ በተለይ የሰው ስምና የገንዘብ ልክ ባለበት መስመር ላይ ዓይናችሁ ይዘግይ።

ልድገመው፦ ፎንቱን ስም ጠርታችሁ አብራችሁ ውሰዱ፤ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ወደ ዩኒኮድ ለውጡና አንብቡ።

[አጭር ዜማ፤ ዋሽንት]

አቅራቢ፦ ሁለተኛው ነገር ፕሮግራሙ ነው ብለናል። ፕሮግራም ይገለበጣልን? አይገለበጥም። በዴስክቶፑ ላይ ያለችውን ምልክት በፍላሽ ወስደው፣ በአዲሱ ላይ ሲጫኑት «አልተገኘም» ሲላቸው የሚገረሙ ብዙዎች ናቸው። ያቺ ምልክት ፕሮግራሙ ያለበትን ስፍራ የምትጠቁም እንጂ ራሱ ፕሮግራሙ አይደለችም። ስለዚህ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች በወረቀት ዘርዝሩ፤ መጫኛውንና፣ የተገዛም ከሆነ የፈቃዱን ቁጥር፣ አስቀድማችሁ ፈልጉ።

በዚህ ረገድ ለሒሳብ ሠራተኞች አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ። በአገራችን የንግድ ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ እጅግ የተለመደው ፒችትሪ፣ የድርጅቱን ሒሳብ የሚይዘው ተያይዘው በሚሠሩ ብዙ ፋይሎች ነው። አንዱን ነጥሎ መውሰድ አይረባም። የሚሻለው በራሱ በፒችትሪ ውስጥ ባክአፕ የሚለውን አዝዞ አንድ የተጠቀለለ ፋይል ማውጣት፣ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ እትም ወይም ከእርሱ የሚቀጥለውን ጭኖ ሪስቶር በሚለው መመለስ ነው። ከመለሳችሁ በኋላ የሚዛን ማመሳከሪያውን በሁለቱም ላይ አትማችሁ ጎን ለጎን አስተያዩት፤ ድምሩ አንድ ካልሆነ ሥራ አትጀምሩ።

ሦስተኛው ሴቲንግ ነው። እርሱ ብዙ ጊዜ የሚታወሰን ከጎደለ በኋላ ነው።

የይለፍ ቃላችሁን፣ ፓስወርድ የምንለውን፣ የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ ወይስ ኮምፒውተሩ? በአሮጌው ላይ ኢሜይላችሁ በየቀኑ ሳይጠይቅ ስለሚከፈት፣ ቃሉን ከረሳችሁት ዓመታት አልፈው ይሆናል። አሮጌውን ከመሰናበታችሁ በፊት ቃሉን የምታውቁት መሆኑን ፈትኑ፤ ለማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክም ዛሬ በእጃችሁ ያለው መሆኑን እዩ፤ የጠፋ ሲም ካርድ ከሆነ አሁኑኑ አስለውጡ። በፎቶ ኮፒ ቤት ወይም በጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ግን «ቃሉን ላስቀምጥልህ?» ሲላችሁ እንቢ በሉ፤ እዚያ የተቀመጠ ቃል ከእናንተ በኋላ ለሚቀመጠው ሁሉ የተሰጠ ነው።

የወረቀቱን ልክም አትርሱ። አዲስ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ሌተር የሚባለውን የአሜሪካ ወረቀት ለምዶ ስለሚመጣ፣ እኛ ደግሞ የምናትመው በኤ4 ስለሆነ፣ አዲስ የምታዘጋጁት ፈተና ዳርቻው ይዛባል፣ ሠንጠረዡም ከገጽ ወደ ገጽ ይንሸራተታል። ጸሐፊው ማተሚያውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የሴቲንጉ ነው። እንዲሁም ጣታችሁ የለመደውን የአማርኛ አጻጻፍ ስልት የሚያውቀውን ፕሮግራም ያንኑ ጫኑ፤ በአዲስ የፊደል አደራደር ላይ ለተቀመጠ ጸሐፊ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ደብዳቤ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

[አጭር ዜማ]

አቅራቢ፦ አሁን የሁሉ መደምደሚያ ወደሆነው እንምጣ። ሁሉን ገለበጣችሁ፣ ጫናችሁ፣ አስተካከላችሁ። ሥራው ተፈጸመን?

አልተፈጸመም። አባቶቻችን ቁም ጸሐፊዎች መጽሐፍ ከመጽሐፍ በሚገለብጡበት ጊዜ፣ የመጨረሻዋ መስመር ስለተጻፈች ብቻ ሥራው አለቀ አይሉም ነበር፤ ግልባጩ ከዋናው ጋር እየተናበበ፣ የጎደለው በኅዳጉ እየተሞላ፣ የተሳሳተው እየተፋቀ ከታረመ በኋላ ነበር መጽሐፍ የሚባለው። ይህ ሥርዓት ለእኛም ይገባናል።

እኛስ እንዴት እናናብብ? በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፎልደር በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈቱ፤ በውስጡ ስንት ፋይል እንዳለ ይነግራችኋል። በአዲሱም ላይ እንዲሁ አድርጉ። ለምሳሌ በአሮጌው 412፣ በአዲሱ 409 ቢል፣ ሦስት ፋይሎች በመንገድ ቀርተዋል ማለት ነው፤ እነርሱም ብዙ ጊዜ ስማቸው እጅግ የረዘመ ወይም በዚያ ሰዓት ተከፍተው የነበሩ ናቸው። ቁጥሩ ከተካከለ በኋላ ፍላሹን ንቀሉና፣ ፍላሹ በሌለበት ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት እየከፈታችሁ አንብቡ፦ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ሒሳብ፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ሰነድ። ፍላሹ ለምን ይነቀላል? ሳናውቀው የምናነበው ከፍላሹ ላይ ሊሆን ስለሚችል ነው።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦ ተገልብጦ ያልተነበበ አልተዛወረም። አብራችሁኝ በሉት፦ ተገልብጦ ያልተነበበ አልተዛወረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግልባጭ በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩ ከ9 ሺህ የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው፣ አንዱ ግልባጭ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተቀምጧል፤ የሸዋው ተወላጅ፣ የሸንኮራው ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዘመናቸውን የዚህን ሀብት ዝርዝር በማዘጋጀት አሳልፈዋል። በኋላ ዋናው መጽሐፍ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ፣ ቃሉ በፊልሙ ላይ ይኖራል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜም፣ በአማራ ክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና መሥሪያ ቤቶች ከነዕቃቸው እንደ ተዘረፉና እንደ ወደሙ እናስታውሳለን፤ ኮምፒውተር በሌላ ኮምፒውተር ይተካል፣ በውስጡ የነበረው መዝገብ ግን ግልባጩ ሌላ ስፍራ ካልተቀመጠ በምንም አይተካም። ስለዚህ አንዱን በአዲሱ ኮምፒውተር፣ አንዱን በመሳቢያ በሚቆለፍ ሃርድ ዲስክ፣ ዋና ዋናውን ደግሞ በኢንተርኔት፣ ለምሳሌ በኢሜይላችሁ ወይም በቴሌግራም የራሳችሁ ማስቀመጫ ላይ አኑሩ። በቴሌግራም ፎቶግራፍ ስታስቀምጡ ግን በፋይልነት ላኩት፤ በፎቶነት የተላከ ጥራቱ ይቀንሳልና። የሰውን ምሥጢር የያዘ ሰነድ ደግሞ በዚህ መንገድ አይላክ።

«የእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ጭራሽ አይነሣም፤ ምን ላድርግ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ተስፋ አትቁረጡ። ኮምፒውተር የማይነሣው ብዙ ጊዜ በሌላ ክፍሉ ብልሽት ነውና፣ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ በማገናኛ ኬዝ ከአዲሱ ጋር ሲያያዝ እንደ ፍላሽ ሊነበብ ይችላል። ነገር ግን ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ደጋግማችሁ አታስነሡት፤ እያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱን ያባብሳልና ለባለሙያ ስጡት።

አሮጌውንስ መቼ እንሰናበተው? አትቸኩሉ። መምህር ከሆናችሁ የሴሚስተሩ ውጤት እስኪዘጋ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ቢያንስ የአንድ ወር ሪፖርት በአዲሱ ላይ እስኪወጣ ድረስ፣ ሳይነካ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ስትሰጡት ወይም ስትሸጡት ፋይሉን ዲሌት ማድረግ አይበቃም፤ ዲሌት የተደረገ ፋይል በመመለሻ ፕሮግራም ሊወጣ ይችላል። በዊንዶውስ ሪሴት በሚለው ውስጥ ሁሉን አጥፋ፣ ዲስኩንም አጽዳ የሚለውን ምርጫ አዝዙ። በተለይ የሕሙማን ካርድ፣ የተማሪ ውጤት፣ የመሬት ይዞታ ክርክር የነበረበት ኮምፒውተር እንዲሁ ከእጅ አይውጣ።

[ዜማ ዝቅ ብሎ ይገባል]

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን እየተገባደደ ነውና እናጠቃልል። እኔ ልጠይቅ፣ እናንተ በያላችሁበት መልሱ።

ፋይል ምን ይደረጋል? ይገለበጣል። ፕሮግራምስ? ይጫናል። ሴቲንግስ? ይስተካከላል። በአሮጌው አማርኛ ከተጻፈ ሰነድ ጋር አብሮ የሚሄደው ማን ነው? ፎንቱ ነው። ኮፒ ወይስ ከት? ኮፒ። ተገልብጦ ያልተነበበስ? አልተዛወረም።

በመጀመሪያ በልባችሁ ያዙት ያልኳችሁ ጽሑፍም አለ። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ እርሱ ነው፦ ያንን አንዱን ጽሑፍ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ በሁለተኛ ቦታ አስቀምጡትና፣ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልካችሁ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት። ካልተነበበላችሁ የፎንቱን ስምና ምን እንዳያችሁ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችንን የምንጀምረው ለጥያቄዎቻችሁ መልስ በመስጠት ይሆናል። እስከዚያው ድረስ በሰላም ቆዩ።

[የመዝጊያ ዜማ፦ ዋሽንት፤ ከፍ ይልና ያበቃል]